የሌላ ሰው ሐሳብ ሲሰማ፦ የፖከር ማስተማሪያ ቪዲዮዎች ዳሰሳ

ፖከር ቆሞ ለሚመለከተው ሰው የተዘጋ ጨዋታ ነው። ሁለት ሰዎች ቼዝ ሲጫወቱ አጠገባቸው የቆመ ሰው ተጫዋቾቹ የሚያዩትን ሁሉ ያያል። የፖከር ጠረጴዛ አጠገብ ለቆመው ግን የሚታየው መሐል ላይ የተዘረጉት ካርታዎችና ወደዚያው የሚገፋው ገንዘብ ብቻ ነው። ውሳኔው የተወሰነበት ምክንያት በተጫዋቹ እጅና አእምሮ ውስጥ ይቀራል። ካርታውን የጣለ ሰው ምን እንደጣለ የማሳየት ግዴታ የለበትም፣ አብዛኛውም አያሳይም። በዚህ ምክንያት ፖከርን አይቶ መማር ለረጅም ዘመን አይታሰብም ነበር፤ ትምህርቱ የሚገኘው በመሸነፍ፣ ማለትም ገንዘብ እየከፈሉ ነበር።

ዛሬ ማንም ጀማሪ በስልኩ ላይ የሺህ ሰዓታት ትምህርት ያገኛል። ከፊሉ በነፃ ነው፣ ከፊሉ በወር ክፍያ፣ ጥቂቱ ደግሞ የአንድ ሴሚስተር የኮሌጅ ክፍያ በሚያህል ዋጋ ይሸጣል። ታዲያ እነዚህ ቪዲዮዎች በእርግጥ ያስተምራሉ ወይ? ካስተማሩስ ምኑን? ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው በስፋት በሚታወቀው ዓይነት፣ በቴክሳስ ሆልደም ላይ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት የተደበቁ ካርታዎች ይይዛል፤ መሐል ላይ ደግሞ አምስት የጋራ ካርታዎች ይዘረጋሉ። መጀመሪያ ሦስቱ በአንድ ጊዜ ይወጣሉ፣ ይህም ፍሎፕ ይባላል፤ ከዚያ ቀሪዎቹ አንድ አንድ እያሉ ይከተላሉ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቪዲዮ በፊት መጽሐፍ ነበር። በ1976 እና በ1977 የዓለም የፖከር ውድድርን ዋና ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈው ዶይል ብራንሰን፣ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ሆኖ «ሱፐር ሲስተም» የተባለውን መጽሐፍ በ1978 አዘጋጀ። ዋጋው 100 ዶላር ነበር፣ ለዚያ ዘመን መጽሐፍ ከባድ ዋጋ። ብራንሰን በኋላ ላይ መጽሐፉ ተቃዋሚዎቹን እንዳስተማረበትና ከሽያጩ ያገኘውን ያህል ብቻ ሳይሆን ከዚያም በላይ እንዳሳጣው ተናግሯል። ይህን አባባሉን ልብ እንበለው፤ በፖከር ትምህርት ላይ የሚነሳው ትልቁ ጥያቄ እዚህ ውስጥ አለ። ከእሱ በኋላ ዴቪድ ስክላንስኪ የጨዋታውን መሠረታዊ ሐሳቦች በሥርዓት ጻፈ። በ1995 ዋናውን ውድድር ያሸነፈው ዳን ሃሪንግተን ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የውድድር ጨዋታን ደረጃ በደረጃ የሚያስረዱ ጥራዞች አሳተመ። እነዚህ መጻሕፍት አሁንም ይነበባሉ፣ ሊነበቡም ይገባል። ጉድለታቸው አንባቢው የሚያገኘው የተመረጠና የተስተካከለ ምሳሌ ብቻ መሆኑ ነው። በእውነተኛ ጨዋታ ውስጥ ያለው መሰላቸት፣ ጥርጣሬና ግማሽ መረጃ ገጽ ላይ አይሰፍርም።

ቴሌቪዥን በሩን በከፊል ከፈተው። በ1999 የእንግሊዙ ቻናል 4 «ሌት ናይት ፖከር» በተባለ ዝግጅቱ ከጠረጴዛው በታች ካሜራ አስቀምጦ የተጫዋቾቹን የተደበቀ ካርታ ለተመልካች ማሳየት ጀመረ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ ክሪስ መኒሜከር የተባለ የቴነሲ የሒሳብ ሠራተኛ በኢንተርኔት ባደረገው አነስተኛ የማጣሪያ ጨዋታ ዕድል አግኝቶ ለዓለም የፖከር ውድድር ዋና ጨዋታ ላስ ቬጋስ ገባ።  መኒሜከር ከ839 ተወዳዳሪዎች መካከል አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በ2006 በዚያው ውድድር የተሰለፈው ሰው ቁጥር 8,773 ደረሰ። ይህ ሁሉ አዲስ ሰው መማር ፈለገ። ቴሌቪዥኑ ግን መዝናኛ እንጂ ትምህርት አልነበረም። ከብዙ ሰዓት ጨዋታ ውስጥ ትልልቅ ገንዘብ የተገፋባቸውን ዙሮች ቆርጦ ሲያሳይ፣ ተመልካቹ ፖከር በየደቂቃው በባዶ እጅ ማስፈራራት ይመስለው ነበር። የብዙ ጀማሪ ገንዘብ ያለቀው በዚህ ምስል ምክንያት ነው።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው በ2005 ነው። ቴይለር ኬቢና አንድሩ ዊጊንስ «ካርድረነርስ» የተባለ ድርጅት መሥርተው፣ ጎበዝ ተጫዋቾች በኮምፒውተር ሲጫወቱ ስክሪናቸውን ከድምፃቸው ጋር መቅረጽና በወር ክፍያ ማሳየት ጀመሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ውጤቱ ግን ትልቅ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ባለሙያ ገንዘቡን አስይዞ፣ ሰዓት እየተቆጠረበት፣ የሚያስበውን ጮክ ብሎ ሲናገር ተሰማ። በኔ አስተያየት የእነዚህ ቪዲዮዎች ዋጋ ያለው እዚህ ብቻ ነው። አስተማሪው ያደረገውን መኮረጅ ብዙም አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ወደ ውሳኔው የሄደበትን መንገድ መስማት ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ላሳይ። በእጃችሁ የልብ ምልክት ያላቸው 9 እና 8 አሉ እንበል። ፍሎፑ ላይ ሁለት የልብ ካርታዎች ወጡ፤ አንድ ሌላ ልብ ቢጨመር አምስት ይሞላላችኋል። መሐል 60 ዶላር አለ፣ ተቃዋሚያችሁ 30 አስያዘ። 30 ከፍላችሁ 90 ለማግኘት ነው የምትጫወቱት፤ ስለዚህ ከአራት ጊዜ አንዴ ካሸነፋችሁ ዋጋው ይመጣጠናል። ካላያችኋቸው 47 ካርታዎች ውስጥ ልብ የሆኑት 9 ናቸው። የሚቀጥለው ካርታ ልብ የመሆን ዕድሉ 19 በመቶ ገደማ ነው። የሚያስፈልገው 25፣ ያለው 19። ሒሳቡን ብቻ የያዘ ጀማሪ ካርታውን ይጥላል፤ ሒሳቡን የማያውቅ ደግሞ ልብ ስለሚወድ ይከፍላል።

ጥሩ አስተማሪ እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ሲያነሳ ትሰማላችሁ፦ ልቡ ቢወጣልኝ ይህ ሰው ስንት ተጨማሪ ይከፍለኛል? ስሌቱ የሚለው፣ ከዚያ በኋላ በአማካይ ወደ 37 ዶላር የሚጠጋ ተጨማሪ ከሰጠ መክፈሉ አያከስርም ነው። ቀጥሎ አስተማሪው የተቃዋሚውን ቀሪ ገንዘብ ያያል። 20 ዶላር ብቻ ከቀረው ነገሩ አበቃ፣ ካርታው ይጣላል። 200 ከቀረውና ደህና ካርታ ይዞ መጣል የማይሆንለት ሰው ከሆነ መቀጠል ነው። ከዚያ ደግሞ ሌላው ከፍ ያለ ልብ ይዞ ሊሆን እንደሚችል ያስታውሳል፤ አምስት ሞልቶም መሸነፍ አለ። ይህ ሁሉ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ይነገራል። መጽሐፍ ተመሳሳዩን በሁለት ገጽ ሊያስረዳ ይችላል፣ ነገር ግን የትኛው ጥያቄ ቀድሞ እንደሚመጣ፣ የትኛውስ ችላ እንደሚባል በዚህ ፍጥነት አያሰማም።

ሌላው ቪዲዮ በደንብ የሚያስተምረው ነገር ተቃዋሚን በአንድ ካርታ ሳይሆን በካርታዎች ስብስብ ማሰብ ነው። ከ52 ካርታ ሁለት በመያዝ የሚገኙት ጥንዶች 1,326 ናቸው። ጀማሪ «አስ አስ ይዟል» ብሎ ይፈራል ወይም «ምንም አልያዘም» ብሎ ይደፍራል። የበሰለ ተጫዋች ግን ይቆጥራል። ሁለት ንግሥት ይዛችሁ ሳለ አንድ ጥንቁቅ ሰው በሁለት አስ፣ በሁለት ንጉሥ ወይም በአስና ንጉሥ ብቻ ገንዘቡን ሁሉ ገፋ እንበል። ሁለት አስ የሚያዝበት መንገድ 6 ነው፣ ሁለት ንጉሥም 6፤ አስና ንጉሥ ግን 16። ስለዚህ ከ28 ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እናንተ በትንሹ የምትበልጡት ጥንድ ነው። ሁሉንም ስታጣምሩት የማሸነፍ ዕድላችሁ ወደ 40 በመቶ ይሆናል። ፍርሃትም ድፍረትም የማያስፈልገው ቁጥር ነው፤ ቀሪው ጥያቄ መሐል ላይ ያለው ገንዘብ ለ40 በመቶ ዕድል ይበቃል ወይ የሚለው ነው። አንድ አስተማሪ ይህን ቆጠራ በሃምሳ የተለያዩ ዙሮች ሲደጋግመው የሰማ ተማሪ ሳያስበው በራሱ መቁጠር ይጀምራል።

እስካሁን ያመሰገንኩት ጥሩውን ነው። ችግሩ ያለው ከስክሪኑ በዚህኛው በኩል፣ ከተመልካቹ ዘንድ ነው። በ2018 ማይክል ካርዳስና ኤድ ኦብራየን የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች አንድን ክህሎት (ለምሳሌ ዳርት መወርወርን) የሚያሳይ ቪዲዮ ደጋግመው ባዩ ቁጥር «እኔም እችለዋለሁ» የሚለው እምነታቸው አደገ፤ ሲሞክሩት ግን ችሎታቸው አልተሻሻለም። በ2019 በሃርቫርድ የፊዚክስ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናትም ተመሳሳይ አቅጣጫ ያሳያል። ራሳቸው ጥያቄ እየሠሩ የተማሩት የበለጠ ዐውቀው ሳለ፣ ብዙ እንደተማሩ የተሰማቸው ግን ጥሩ ገለጻ ቁጭ ብለው ያዳመጡት ነበሩ።

ፖከር ይህን የተሳሳተ ስሜት ያባብሰዋል፣ ምክንያቱም ጠረጴዛው ራሱ አያርምም። ዳቦ ጋጋሪ ዳቦው ሲያርርበት ወዲያው ያውቃል፤ ፖከር ተጫዋች ግን በትክክል ወስኖ ይሸነፋል፣ ተሳስቶም ያሸንፋል። በየ100 ዙሩ በአማካይ 5 መደብ የሚያተርፍ ጎበዝ ሰው እንውሰድ፤ መደብ የምለው ካርታ ከመታደሉ በፊት በግዴታ የሚቀመጠውን ትልቁን ገንዘብ ነው። ስድስት ሰው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ የ100 ዙር ውጤት ወደ 100 መደብ በሚደርስ መጠን ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል። በዚህ ሒሳብ ከሦስት እንደሱ ያሉ ጎበዞች አንዱ ገደማ ከ10,000 ዙር በኋላም ኪሳራ ላይ ይገኛል። ከ100,000 ዙር በኋላ እንኳ 6 በመቶ ገደማው ከዜሮ በታች ነው። በካዚኖ ጠረጴዛ በሰዓት 30 ዙር ያህል ይታደላል፤ 10,000 ዙር ማለት ከ330 ሰዓት በላይ መቀመጥ ማለት ነው። ይኸው ሒሳብ ሲገለበጥ፣ በዚያው መጠን የሚከስር ደካማ ተጫዋችም ከሦስት አንዱ ለወራት አሸናፊ መስሎ ይቆያል። አንድ ቪዲዮ አይቶ በማግስቱ ያሸነፈ ሰው ቪዲዮው እንደሠራለት ማረጋገጫ አላገኘም። ይህን ደጋግሜ የምለው ብዙ ሰው በዚህ ነጥብ ላይ ከአቅሙ በላይ ወደሆነ ጠረጴዛ ስለሚወጣ ነው።

አስተማሪዎቹም ከዚህ አያመልጡም። «ረን ኢት ዋንስ» የተባለውን የማስተማሪያ ድርጅት በ2012 የመሠረተው ፊል ጋልፎንድ፣ በዘመኑ ካሉት ምርጥ አስረጂዎች አንዱ ነው። በ2019 ማንኛውንም ፈቃደኛ ተቃዋሚ ፖት ሊሚት ኦማሃ በተባለ ሌላ የፖከር ዓይነት እንደሚገጥም ለሁሉም አስታወቀ። የመጀመሪያው ግጥሚያ 25,000 ዙር ነበር። ወደ 900,000 ዩሮ ከስሮ ጨዋታውን ለጊዜው አቋረጠ፤ ከዚያ ተመልሶ ሁሉንም አስመልሶ በመጨረሻ በትንሽ ትርፍ አሸነፈ። ያ ሁሉ የሆነው በአንድ ሰው፣ በአንድ ተቃዋሚ ላይ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። በመሐሉ ቆርጦ ያየ ሰው ስለ አስተማሪው ምን ብሎ ይፈርድ ነበር?

የቪዲዮዎቹ ይዘት በሁለት ዘመን ይከፈላል፤ ድንበሩ 2015 ነው። በዚያ ዓመት ጥር የካናዳው የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሁለት ሰው የሚጫወተውንና የሚያስይዙት ገንዘብ መጠን የተወሰነውን ሆልደም በተግባር ፈትተነዋል ብለው በ«ሳይንስ» መጽሔት አሳወቁ፤ ፕሮግራማቸው ሴፊየስ ይባላል። በዚያው ዓመት ፒዮሶልቨር የተባለ ሶፍትዌር ለሽያጭ ቀረበና ማንኛውም ተጫዋች በቤቱ ኮምፒውተር አንድን ሁኔታ ሰጥቶ ሚዛናዊውን አጨዋወት ማስላት ቻለ። በ2017 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ሊብራተስ በፒትስበርግ አራት ባለሙያዎችን በ120,000 ዙር በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። በ2019 ደግሞ ፕሉሪበስ ስድስት ሰው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ይህንኑ ደገመ።

እንዲህ ያለው አስሊ ሶፍትዌር በጥቅሉ ሶልቨር ይባላል፤ ከሶልቨር በፊት የተሠሩ ቪዲዮዎች በልምድ ላይ የቆሙ ነበሩ። ብዙው ልምድ ትክክል ሆኖ ተገኘ፣ ጥቂቱ ግን ፈረሰ። ለምሳሌ ከፍሎፕ በኋላ ቀድሞ የሚወስነው ሰው፣ ከፍሎፕ በፊት ገንዘብ ከጨመረው ተጫዋች ቀድሞ ማስያዙ የጀማሪ ስህተት ተብሎ ይነቀፍ ነበር፤ ሶልቨር ግን በአንዳንድ ፍሎፖች ላይ ይህ በጣም ተገቢ መሆኑን አሳየ። መሐል ካለው ገንዘብ ሲሶውን ብቻ ማስያዝም ድሮ እንደ ፍርሃት ይታይ ነበር፣ አሁን ግን የተለመደ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ቪዲዮ ከመክፈት በፊት የተሠራበትን ዓመት ማየት ያስፈልጋል። የ2007 ቪዲዮ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ገንዘብ አያያዝና ስለ ቁጣ ቁጥጥር የሚለው ዛሬም ይሠራል። ስለሚያስይዙት ገንዘብ መጠን የሚለው ግን ባይሰማ ይሻላል።

አዲሶቹስ? እዚህ ላይ ከብዙዎች እለያለሁ። ከሶልቨር በኋላ ከተሠሩት ቪዲዮዎች ብዙዎቹ ከቀደሙት ይልቅ ደካማ ትምህርት ናቸው። አስተማሪው በቀለም የተሞላ ሠንጠረዥ ከፍቶ «እዚህ 63 በመቶ ያስይዛል፣ እዚህ 37 በመቶ ያልፋል» እያለ ያነባል። ያንን ማንበብ ማንም ይችላል። የሚያስብ ሰው ድምፅ ጠፍቶ የአንባቢ ድምፅ ተተካ። ደግሞም ሶልቨሩ መልስ የሚሰጠው ተቃዋሚው ፍጹም ነው ብሎ ሲሆን፣ ተማሪው የሚቀመጥበት አነስተኛ ጠረጴዛ ላይ ግን ፍጹም ሰው የለም፤ ካርታ መጣል የማይችሉ፣ ወይም ሁለት ቢራ ጠጥተው ለጨዋታ የመጡ ሰዎች አሉ። ጥሩው የዘመኑ አስተማሪ ሠንጠረዡን አሳይቶ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል፣ ከዚያም «የእናንተ ተቃዋሚ ከዚህ በየት በኩል ያፈነግጣል?» ይላል። እንዲህ የሚያደርጉት ጥቂቶች ናቸው፣ ክፍያ የሚገባቸውም እነሱ ናቸው።

በሥርዓት ማጥናት ከልምድ ምን ያህል እንደሚበልጥ ካሳዩት ግጥሚያዎች አንዱ ከኅዳር 2020 እስከ የካቲት 2021 የተካሄደው ነው። በቴሌቪዥን ፖከር ታዋቂው፣ የዓለም የፖከር ውድድር የአሸናፊነት ሽልማት የሆኑ ስድስት አምባሮች የነበሩት ዳንኤል ኔግራኑ፣ «አፕስዊንግ» የተባለውን የማስተማሪያ ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ከሆነው ከዳግ ፖልክ ጋር ለ25,000 ዙር ተጋጠመ። ፖልክ ወደ 1.2 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ። የሁለት ሰው ጨዋታ የፖልክ ልዩ ሙያ ስለነበር ይህ ውጤት አስተማሪ ሁሉ ከኮከብ ይበልጣል አያሰኝም። የበለጠ የሚያስተምረው የኔግራኑ መንገድ ነው፤ ባለሙያዎች ቀጥሮ፣ በሶልቨር እያጠና፣ ያን ሁሉ ልምዱን ይዞ እንደገና ተማሪ ሆነ።

ከገበያው ጎን የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፦ አስተማሪዎቹ እንዲህ ከቻሉ ዕውቀታቸውን ለምን ይሸጣሉ? መልሱ ማታለል ነው ብዬ አላምንም። ከላይ ያየነው መዋዠቅ ባለበት ሙያ ውስጥ፣ በየወሩ የሚገባ ቋሚ ክፍያ ለጎበዝ ሰው ትልቅ ዕረፍት ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አስተማሪው ከመጫወቻ ድርጅቶች ኮሚሽን ሲያገኝ ነው፤ ያኔ ተማሪው ጠረጴዛ ላይ መቆየቱ ብቻውን ጥቅሙ ይሆናል። በተረፈ የብራንሰን ጥያቄ አልተመለሰም። ፖከር ውስጥ አንዱ የሚያገኘው ሌላው ያጣውን ነው፤ ከዚያም ላይ ቤቱ ከየዙሩ ድርሻውን ይቆርጣል፣ በአነስተኛ የካዚኖ ጠረጴዛዎች እስከ 10 በመቶ በጣሪያ ተገድቦ። ስለዚህ የጠረጴዛው ድምር ከዜሮ በታች ነው፤ ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት ቢማር ሁሉም አብሮ ይከስራል። ይህን በቪዲዮው መጀመሪያ ላይ በግልጽ የሚናገር አስተማሪ እንዲኖር አጥብቄ እመኛለሁ። ለቤት ኪራይ ወይም ለልጅ ትምህርት የተቀመጠ ገንዘብ ያለው ሰው ቪዲዮ ስላየ ብቻ ያንን ወደ ጠረጴዛ ማምጣት የለበትም። ትምህርቱ ራሱን የቻለ ደስታ ስላለው ያለ ገንዘብም ይጠናል።

መማር ለሚፈልግ ሰው፣ መጀመሪያ የምመክረው በነፃ የሚገኘውን ነው። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም በ2015 ስለ ፖከር ቲዎሪ የተሰጠውን አጭር ኮርስ ሙሉ ገለጻ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል፤ ለሒሳቡ መሠረት ይበቃል። ከዚያ በኋላ አንድ አስተማሪ ብቻ መምረጥ ነው፤ ቪዲዮው እናንተ በምትጫወቱበት ደረጃ የተቀረጸ፣ ከስድስት ወር የማይበልጥ ዕድሜ ያለው፣ አስተማሪው የተሸነፈባቸውንም ዙሮች ሳይቆርጥ የሚያሳይ ይሁን። አየር ላይ እየተጫወተ ከሚናገረው ይልቅ፣ ቀድሞ የተቀረጸን ጨዋታ እያቆመ የሚያብራራው ለጀማሪ ይሻላል፤ ሰዓት ስለማያጣድፈው ሐሳቡን እስከ ጫፍ ይዘልቀዋል።

አሠራሩ ደግሞ እንዲህ ነው። አስተማሪው ከመወሰኑ በፊት ቪዲዮውን አቁሙና የእናንተን ውሳኔ ከነምክንያቱ በደብተር ጻፉ፣ ከዚያ አስጀምሩት። ውሳኔያችሁ ገጥሞ ምክንያታችሁ ካልገጠመ እንደ ስህተት ቁጠሩት። የአርባ ደቂቃ ቪዲዮ በዚህ መንገድ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ አድካሚም ነው፤ ድካሙ ግን ትምህርቱ እየገባ ለመሆኑ ከምቾት የተሻለ ምልክት ነው። ለአንድ ወር በአንድ ርእስ ላይ ቆዩ፣ ለምሳሌ መደቡን ያስቀመጠ ሰው መቼ መከላከል እንዳለበት በሚለው ላይ። በጨዋታ ሰዓት ሶልቨር ከፍቶ መመልከት በኢንተርኔት መጫወቻዎች የተከለከለና አካውንት የሚያዘጋ ነው፤ የተማራችሁት በአእምሯችሁ ካልተያዘ አልተያዘም።

ለክፍያ የሚሆን ገንዘብ ካላችሁ ደግሞ ለዝነኛ ሰው ኮርስ አታውሉት። የራሳችሁን ሃምሳ ዙሮች መዝግባችሁ፣ በተለይ ያሸነፋችሁባቸውን፣ ከእናንተ አንድ ደረጃ ለሚበልጥ ተጫዋች አሳዩና ለሁለት ሰዓት ይገምግማችሁ። በተሸነፉበት ዙር ላይ ሁሉም ሰው ራሱን ይመረምራል። ገንዘብ ያመጣ ስህተት ግን በማንም ቪዲዮ ውስጥ አይገኝም፤ የሚገኘው እናንተ በጻፋችሁት ደብተር ውስጥ ነው።